ፕሮግራም የሚከራይ ነጋዴ ከመግባቱ በፊት መውጫውን ይይ

ኮድ ሳይጻፍ የሚሠራ አፕ ለጅጅጋና ለአካባቢዋ ገበያ ምን ይጠቅማል? ምንስ ያስከፍላል?

በጅጅጋ የሚሠራ አንድ ጅምላ አከፋፋይ ሀብቱ የት እንዳለ ቢጠየቅ በመጀመሪያ መጋዘኑን፣ ቀጥሎም የጭነት መኪናውን ሊያሳይ ይችላል። ዋናው ሀብቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከባንኮኒው ሥር በተቀመጠች አንዲት ደብተር ውስጥ ነው ያለው። ለቀብሪበያህ ባለሱቅ በዱቤ የሄደው ስኳርና ዘይት፣ ለቶጎ ውጫሌ ወኪል የተሰጠው ቅድሚያ ክፍያ፣ ከድሬዳዋ የመጣው ጭነት ቀሪ ሂሳብ ሁሉ የሰፈረው በእርሷ ላይ ነው። ደብተሯ የጠፋች ዕለት መጋዘኑ ሙሉ ቢሆንም እንኳ ነጋዴው ግማሽ ሀብቱን አጥቷል ማለት ይቻላል።

ይህችን ደብተር ወደ ስልክና ወደ ኮምፒዩተር እናስገባልህ የሚሉ ፕሮግራሞች ዛሬ በርካሽና በብዛት ይገኛሉ። ከእነዚህ መካከል በአሁኑ ጊዜ ብዙ የሚወራላቸው፣ ኮድ መጻፍ ጨርሶ የማይጠይቁት ወይም ጥቂት ኮድ ብቻ የሚጠይቁት የአፕ መሥሪያ ፕላትፎርሞች ናቸው። ቀድሞ የፕሮግራም ባለሙያ ቀጥሮ ወራት ይፈጅ የነበረው ሥራ ዛሬ ኤክሴል የሚያውቅ ወጣት በሳምንት ውስጥ ሊያደርሰው የሚችል ሆኗል። ወሬው እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ሻጩ የሚያሳየው መግቢያውን ብቻ ነው። ለነጋዴው የሚበጀው ደግሞ መውጫውንም አስቀድሞ ማየቱ ነው።

የኪራይ ሱቅና የራስ ግንብ

ጉዳዩን በገበያ ቋንቋ ለማስረዳት ያህል፣ ኮድ የማይጠይቀው ፕላትፎርም መደርደሪያው ከነመብራቱ የተሟላ የኪራይ ሱቅ ነው። ዛሬ ቁልፍ ተረክቦ ነገ ዕቃ መደርደር ይቻላል። ነገር ግን ግድግዳ ማፍረስ፣ በር ማስፋት፣ ሰገነት መጨመር አይፈቀድም። ጥቂት ኮድ የሚጠይቀው ደግሞ ባዶ አዳራሽ ተከራይቶ ውስጡን እንደ ፍላጎት ማበጀት ማለት ነው። ከባዶ ኮድ ማስጻፍ ግን መሬት ይዞ የራስን ግንብ ማቆም ነው፤ ውድ ነው፣ ይዘገያል፣ ሲያልቅ ግን የራስ ነው።

የኪራይ ሱቅ በራሱ ክፋት የለውም። ብዙው ነጋዴ ሀብቱን ያፈራው በኪራይ ሱቅ ውስጥ ነው። ጥያቄው አከራዩ ሱቁን ልዝጋ ያለ ዕለት፣ ወይም ኪራዩን በእጥፍ የጨመረ ዕለት፣ ውስጥ ያለው ዕቃ የማን ነው የሚለው ነው። በፕሮግራም ኪራይ ውስጥ ዕቃው ደብተሩ ነው፦ የደንበኛው ስም፣ የዱቤው ልክ፣ የዋጋው ታሪክ።

ከጅጅጋ የሚገኝ ትምህርት

ይህን ጉዳይ ለመረዳት የጅጅጋ ነጋዴ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ በራሱ ከተማ የታየ ምሳሌ አለው። ከድንበር ማዶ በሐርጌሳ ቴሌሶም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ዛድ የተባለውን የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ጀመረ። ቶጎ ውጫሌ የሚመላለሰው ነጋዴም ገንዘብ በስልክ ሲሄድና ሲመጣ በዓይኑ አየ። በእኛ በኩል ጅጅጋ ላይ የነበረው የሶማሌ ማይክሮፋይናንስ ተቋም በ2007 ዓ.ም ገደማ ሔሎካሽ በተባለው ሥርዓት አማካይነት ተመሳሳይ አገልግሎት ይዞ ብቅ አለ። ይኸው ተቋም ነው በኋላ አድጎ ሸበሌ ባንክ የሆነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ተቋሙ ሶፍትዌሩን ራሱ ከባዶ አልጻፈውም። ቤልካሽ የተባለ ኩባንያ ያዘጋጀውን ፕላትፎርም ነው የተጠቀመው። ያንኑ ፕላትፎርም አንበሳ ኢንተርናሽናል ባንክና የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም ተጠቅመውበታል። አንድ አከራይ፣ ብዙ ተከራይ ማለት ነው። የዘመኑ ሰው ፕላትፎርም የሚለው ቃል ትርጉሙ ይኸው ነው።

ታዲያ ተከራዩ ለምን አልተጎዳም? መልሱ በከፊል በሕጉ ውስጥ ይገኛል። ብሔራዊ ባንክ በወቅቱ ሥራ ላይ ባዋለው የሞባይልና የወኪል ባንክ አገልግሎት መመሪያ መሠረት፣ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት መስጠት የሚችሉት ባንኮችና ማይክሮፋይናንስ ተቋማት ብቻ ነበሩ። የቴክኖሎጂ ኩባንያው ሥርዓቱን ያቀርባል እንጂ ገንዘቡን አይዝም። ፈቃዱ፣ የደንበኛው ሂሳብና ኃላፊነቱ የተቋሙ ነው። በሌላ አነጋገር ሕጉ ራሱ ደብተሩን ከሱቁ ለየው።

ለአንድ የስኳር አከፋፋይ ወይም ለአንድ የከብት ደላላ ግን እንዲህ ያለ መመሪያ የሚያወጣለት የለም። ደብተሩን ከሱቁ መለየት ያለበት ራሱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው።

ሔሎካሽ የሚያስተምረው ሌላም ነገር አለ። አገልግሎቱ ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክ ላይ፣ በዩኤስኤስዲ፣ ያውም በሶማሊኛ መሥራቱ ነው። የጅጅጋ ገበያ የተቀበለው የተዋበ ገጽ ስላየ ሳይሆን ግመል አርቢውም፣ የወተት ነጋዴዋም በእጃቸው ባለው ስልክ ስለሠራላቸው ነው። በኋላ በግንቦት 2013 ዓ.ም ቴሌብር፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም ደግሞ ኤምፔሳ ወደ ገበያው ሲገቡም ይህንኑ መንገድ አልተዉትም። ስማርትፎን ላለው አፕ፣ ለሌለው ዩኤስኤስዲ አቀረቡ።

ኔትወርክ ሲጠፋ

እንግዲህ ነጋዴው ለሻጩ የሚያቀርበው የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ፕሮግራሙ ይሠራል ወይ የሚለው መሆን አለበት። በሰኔ 2012 ዓ.ም መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። ያን ያህል ባይሆንም፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ አውበሬ፣ ወደ ሐርትሼክ፣ ወይም በሲቲ ዞን ወደ አይሻና ደወሌ ለሚሄድ ሰው፣ መስመር ይጠፋል ብሎ ማሰብ ጨለምተኝነት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው።

በዚህ ረገድ ፕላትፎርሞቹ በእጅጉ ይለያያሉ። የጉግል የሆነው አፕሺት መስመር በጠፋ ጊዜ የተመዘገበውን ስልኩ ላይ አቆይቶ፣ መስመር ሲመለስ ወደ ማዕከሉ ይልካል። ኮቦ ቱልቦክስና ኦዲኬ የተባሉት የመረጃ መሰብሰቢያ ፕሮግራሞችም እንደዚሁ ናቸው። እነዚህን ሁለቱን የሰብአዊ እርዳታ ድርጅቶች በሰፊው ስለሚጠቀሙባቸው፣ በክልሉ በመረጃ ሰብሳቢነት የሠሩ ወጣቶች ሲያዩአቸው ያውቋቸዋል። ይህ ለቀጣሪ ነጋዴ ቀላል ጥቅም አይደለም። በአንጻሩ በብል የተባለው ስመ ጥር ፕላትፎርም የሚሠራቸው የድረ ገጽ አፖች ኢንተርኔት ከሌለ አይንቀሳቀሱም። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ሲታይ የሚያምረው ቶጎ ውጫሌ ላይ ባዶ ገጽ ሊሆን ይችላል።

ያለ መስመር መሥራቱ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። እንበል በመጋዘን 30 ኩንታል ስኳር አለ። አንዱ ሻጭ በቀብሪበያህ፣ ሌላው በአውበሬ፣ ሁለቱም መስመር ሳይኖራቸው እያንዳንዳቸው 20 ኩንታል ሸጡ። የሁለቱም ስልክ ቀሪው 10 ነው ብሎ መዝግቧል። መስመር ሲመለስ ፕሮግራሙ የኋለኛውን በፊተኛው ላይ ይደርብና ቀሪ 10 ኩንታል ብሎ ያርፋል። እውነቱ ግን 40 ኩንታል መሸጡና 10 ኩንታል መጉደሉ ነው።

መድኃኒቱ ከድሮው የሂሳብ መዝገብ አያያዝ የሚገኝ ነው። ቀሪውን አትመዝግብ፤ እንቅስቃሴውን መዝግብ። እያንዳንዱ ሽያጭ በራሱ መስመር፣ በራሱ ቁጥር፣ በሻጩ ስም ይግባ። ቀሪው ከእነዚያ ተደምሮና ተቀንሶ የሚገኝ ይሁን። አፕ የሚሠራልህ ሰው ይህን ካልተረዳ ፕላትፎርሙ የቱንም ያህል ቢወደስ ሥራውን አትስጠው።

በዶላር የሚቆጠር ኪራይ

ሁለተኛው ጥያቄ ክፍያው በምን ገንዘብ ነው የሚለው ነው። አብዛኞቹ የውጭ ፕላትፎርሞች በሰው ቁጥርና በወር፣ ያውም በዶላር ያስከፍላሉ። ለምሳሌ አፕሺት ለንግድ ድርጅቶች ከለጠፋቸው ዋጋዎች መካከል አንዱ በሰው በወር 10 ዶላር ነው። የማይክሮሶፍቱ ፓወር አፕስ ደግሞ በሰው በወር 20 ዶላር ያህል ይጠይቃል። ዋጋዎቹ ስለሚለዋወጡ ውል ከመግባት በፊት የዕለቱን ማየት ያሻል።

ሂሳቡን በብር እንየው። 12 ሠራተኞች ያሉት አከፋፋይ በሰው 10 ዶላር ቢከፍል በወር 120፣ በዓመት 1,440 ዶላር ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት፣ ዶላሩ በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረ ጊዜ፣ ይህ ኪራይ በዓመት 82,080 ብር ነበር። ዶላሩ በ130 ብር ሲታሰብ ግን 187,200 ብር ይሆናል። ሠራተኛው ያው፣ አፑ ያው፣ ሥራው ያው ሆኖ ሳለ 105,120 ብር ተጨመረ ማለት ነው። ነጋዴው ዕቃ ሲያስመጣ የምንዛሪውን ልዩነት በዋጋ ላይ ይጨምራል። የፕሮግራም ኪራይን ግን ከደንበኛ መሰብሰብ አይቻልም።

ሌላም ችግር አለ። በዶላር የሚከፈል ካርድ በራሱ ማግኘት ብዙ ጊዜ ቀላል አይደለም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ በካርዱ ቢከፍልልን ይቀላል የሚል ሐሳብ ይመጣል። የዘመድ ካርድ ጊዜው ያለፈበት ወይም የተዘጋ ዕለት ግን ጅጅጋ ያለው ሱቅ ሥራ ያቆማል። ሂሳቡም በድርጅቱ መዝገብ ላይ ደረሰኝ የሌለው ወጪ ሆኖ ይቀራል።

በዚህ ምክንያት የተጠቃሚ ኪራይ የማይጠይቁ፣ ምንጫቸው ክፍት የሆኑ ሥርዓቶች ለነጋዴው ትኩረት የሚገባቸው ናቸው። ኢአርፒኔክስት እና ኦዱ ከእነዚህ ይመደባሉ። የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ፣ ሁለተኛው ደግሞ ኮሚዩኒቲ በተባለው እትሙ በነጻ ይገኛሉ። ሽያጭ፣ መጋዘንና ዱቤ ተሠርተው የተቀመጡባቸው ሲሆኑ፣ በኢአርፒኔክስት አዲስ ቅጽና አዲስ መስክ ያለ ኮድ መጨመር ይቻላል። በነጻ ማለት ግን ያለ ወጪ ማለት አይደለም። የሚያስቀምጣቸው ሰርቨርና የሚጠብቃቸው ባለሙያ ያስፈልጋል። ልዩነቱ፣ ሰርቨሩ በአገር ውስጥ ከሆነ ሁለቱንም በብር መክፈል መቻሉ ነው።

ሲሰፋ የሚጠብ ሱቅ

ሦስተኛው ጥያቄ የመስፋት ጉዳይ ነው። ሻጮች መስፋት ሲሉ ሚሊዮን ተጠቃሚ ማለታቸው ነው። ለጅጅጋ ነጋዴ ግን መስፋት ከአንድ ሱቅ ወደ አራት፣ ከጅጅጋ ወደ ደገሃቡርና ወደ ሽንሌ፣ ከአንድ ጸሐፊ ወደ 12 መሄድ ነው። እዚህ ላይ የነጻ አገልግሎቶች ጣሪያ ሳይታሰብ ራስን ይመታል።

ለምሳሌ ኤርቴብል በነጻ የሚሰጠው ቦታ ለአንድ መዝገብ 1,000 መስመር ብቻ ነው። በቀን 40 ከብት የሚያገበያይ ደላላ እያንዳንዱን ቢመዘግብ በ25 ቀን ጣሪያውን ይነካል። የጉግል ሠንጠረዥ ከዚህ እጅግ ይሰፋል። ሆኖም አፕሺት ከእርሱ ጋር ሲሠራ መረጃውን ወደ እያንዳንዱ ስልክ ስለሚያወርድ ሠንጠረዡ ባበጠ ቁጥር ስልኩም እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ ያለፈው ዓመት መዝገብ በየዓመቱ ተነጥሎ በሌላ ሠንጠረዥ መቀመጥ አለበት።

በብልም እ.ኤ.አ. በ2023 የዋጋ አወጣጡን ለውጦ፣ አፑ በሠራው የሥራ መጠን ልክ ማስከፈል መጀመሩ ብዙ ተጠቃሚዎችን አስቆጥቶ እንደነበር ይታወሳል። ንግዱ በደመቀ ቁጥር ኪራዩም ይጨምራል ማለት ነው። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ የገበያ አዳራሽም በሽያጭ ድርሻ ሊከራይ ይችላል። ነገር ግን ተከራዩ በዚያው ቅጽበት ዕቃውን ጭኖ መውጣት ካልቻለ ድርድር የሚባል ነገር አይኖርም።

የተዘጉ በሮች

መውጣት የሚለውን ቃል ደጋግመን ያነሳነው በባዶ ስጋት አይደለም። ትልቅ ስም ያላቸው አከራዮችም በራቸውን ዘግተዋል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 የገዛውን ፓርስ የተባለ የአፕ መሥሪያ አገልግሎት በጃንዋሪ 2017 ዘጋው። ጉግል ራሱ አፕ ሜከር የተባለውን ፕላትፎርም በጃንዋሪ 19 ቀን 2021 አቋረጠ። መቀመጫውን ለንደን ያደረገውና ማይክሮሶፍትን ያህል ባለሀብት የነበረው ቢልደር ዶት ኤአይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ዕዳውን መክፈል አቅቶት ወደቀ። አፕ ማሠራት ፒዛ የማዘዝን ያህል ቀላል ነው እየተባለ ሲነገርለት የነበረ ድርጅት ነው።

ከእነዚህ የሚወሰደው ትምህርት ትልቁን ስም አትመን የሚል አይደለም። የትኛውንም አከራይ በስሙ ብቻ አትመን የሚል ነው። ፓርስ ሲዘጋ ተጠቃሚዎች የዳኑት ኩባንያው የሰርቨሩን ኮድ ለሕዝብ ክፍት ስላደረገና መረጃቸውን እንዲወስዱ አንድ ዓመት ያህል ስለሰጣቸው ነው። መልካም መውጫ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

ዛሬ ያሉትን በዚሁ መስፈሪያ ብንለካቸው፣ በአፕሺት የተሠራ አፕ ኮዱ አይወጣም፤ መረጃው ግን በራስ የጉግል ሠንጠረዥ ላይ ስለሚቀመጥ በእጅ ይቀራል። ከበብል መረጃውን በሠንጠረዥ መልክ ማውጣት ይቻላል፤ አፑን ግን ይዞ መውጣት አይቻልም። ፍላተርፍሎው ለሚከፍሉ ደንበኞች ኮዱን ጭምር ይሰጣል። ኢአርፒኔክስትና ኦዱ ኮሚዩኒቲ በራስ ሰርቨር ላይ ከተተከሉ ሁሉም ነገር የራስ ነው። ባለቤትነት ከፍ ባለ መጠን የባለሙያ ፍላጎትም አብሮ ከፍ ይላል።

ከሁሉ የከፋው የተዘጋ በር ግን ከውጭ ኩባንያ የሚመጣ ላይሆን ይችላል። አፑን የሠራው ወጣት ፕላትፎርሙ ላይ ሂሳብ የከፈተው በራሱ ኢሜይል ከሆነ፣ በሕግ ፊት ምንም ይሁን ምን፣ በተግባር የደብተሩ ባለቤት እርሱ ነው። ሥራ ለቅቆ ወደ ሌላ ከተማ ቢሄድ፣ ወይም በክፍያ ቢጣሉ፣ ነጋዴው የራሱን ዱቤ ለማየት ልመና ይገባል። ስለዚህ ሂሳቡ በድርጅቱ ኢሜይልና በድርጅቱ ስልክ ቁጥር ይከፈት። የይለፍ ቃሉም በባለቤቱ እጅ ይሁን።

በጨርቅ ሥር ያለው ዋጋ

ፕላትፎርሙን ከመምረጥ በፊት የሚመዘገበውን ነገር ማወቅ ይገባል። በሶማሌ የቁም ከብት ገበያ ሻጭና ገዢ እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው በጣት ምልክት ዋጋ ሲነጋገሩ ማየት የተለመደ ነው። ቆሞ የሚመለከተው ሁሉ ዋጋውን እንዳይሰማ ነው። ደላላውም ሻጭና ገዢን ከማገናኘት አልፎ፣ ከብቱ የተሰረቀ እንዳልሆነ በስሙ ዋስ ይሆናል። ኮሚሽኑ የሚከፈለው ለዚህ እምነት ጭምር ነው።

እንግዲህ የዕለቱን ዋጋ ለሁሉ የሚያሳይ አፕ ሠርቶ ደላላው ይጠቀምበታል ብሎ መጠበቅ ገበያውን አለማወቅ ነው። ደላላው የሚፈልገው ማን ለማን እንደሸጠ፣ ማን ዋስ እንደሆነ፣ የከብቱ ምልክት ምን እንደሆነ የሚይዝና ዋጋውን ግን ለባለጉዳዮቹ ብቻ የሚያሳይ መዝገብ ነው። ፕላትፎርሙ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚያየውን መስመር ለይቶ መፍቀድና መከልከል ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይመነጫል። አንዳንዶቹ ይህን ፈቃድ ከፍ ባለ ዋጋ ብቻ ይሰጣሉ።

ገንዘቡም፣ ቋንቋውም፣ ቀኑም የራሱ ጣጣ አለው። የቶጎ ውጫሌ ነጋዴ በአንድ ቀን በብር፣ በዶላርና በሶማሌላንድ ሽልንግ ሊዋዋል ይችላል። ስለዚህ መዝገቡ የገንዘቡን ዓይነትና የዕለቱን ተመን ከእያንዳንዱ ሽያጭ ጋር መያዝ አለበት። ሶማሊኛ በላቲን፣ አማርኛ በግዕዝ ፊደል ስለሚጻፍ ሁለቱንም የሚያሳይ መሆን ይኖርበታል። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ዘካውን የሚያሰላ ነጋዴ ደግሞ የሚቆጥረው በሒጅራ ነው። ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም ሁለቱንም አያውቅም።

ክፍያን በተመለከተም እንዲሁ ነው። የውጭ ፕላትፎርሞች ክፍያ መቀበያ ተዘጋጅቷል ሲሉ ብዙውን ጊዜ ስትራይፕን የመሰሉ ኩባንያዎችን ማለታቸው ነው። ስትራይፕ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተቋቋሙ ነጋዴዎች አገልግሎት አይሰጥም። ስለዚህ ፕላትፎርሙ እንደ ቴሌብርና ቻፓ ካሉ የአገር ውስጥ የክፍያ ሥርዓቶች ጋር መገናኘት የሚያስችል ክፍት በር አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ጥቂት ኮድ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ለማን የትኛው?

ያም ሆነ ይህ፣ አንባቢ የሚፈልገው ውሳኔ ነውና በሦስት ከፍለን እንየው።

አንደኛው፣ ብቻውን ወይም ከሁለትና ሦስት ሰው ጋር የሚሠራ ደላላ ወይም ባለሱቅ ነው። ለእርሱ የጉግል ሠንጠረዥና በላዩ ላይ የተሠራ ቀላል የአፕሺት ቅጽ ይበቃዋል። ወጪው ትንሽ ነው፣ ያለ መስመር ይሠራል፣ ቢተወው እንኳ ደብተሩ በእጁ ይቀራል። የቴሌግራም ገጽ ደንበኛ ይስባል እንጂ የዱቤ መዝገብ አይሆንም፤ ሁለቱን አለማቀላቀል ይበጃል።

ሁለተኛው፣ በበርካታ ከተሞች ቅርንጫፍና ወኪል ያለው አከፋፋይ ነው። ለእርሱ በሰው ቁጥር የሚከፈል የዶላር ኪራይ አያዋጣውም። ሠራተኛ በጨመረ ቁጥር ይቀጣል። ክፍት ምንጭ የሆነ የንግድ ሥርዓት በአገር ውስጥ ሰርቨር ላይ አስተክሎ፣ ከታወቀ ባለሙያ ጋር የጥገና ውል ቢገባ የሚሻለው ይመስለናል። የመስመር መቆራረጥ ለሚያጠቃቸው ቅርንጫፎች ደግሞ ያለ መስመር የሚሠራ መመዝገቢያ ቅጽ ለብቻው ሊደረግላቸው ይገባል።

ሦስተኛው፣ አፕ ሠርቶ ለሌሎች መሸጥ የሚፈልግ ባለሀብት ነው። እርሱ ኮድ በማይጠይቅ ፕላትፎርም ጀምሮ ገበያ መኖሩን ቢፈትሽ ብልህነት ነው። ሦስት ወር ሞክሮ ባይሳካለት የሚከስረው ጥቂት ነው። ከተሳካለት ግን ኮዱን ይዞ ሊወጣ በሚችልበት ላይ ቢጀምር ይመረጣል። የሰዎችን ስምና ስልክ ቁጥር የሚሰበስብ ከሆነም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ማንበብ አለበት። አዋጁ መረጃ ወደ ውጭ አገር ስለሚተላለፍበት ሁኔታ የሚደነግግ በመሆኑ ሰርቨሩ የት ነው የሚለው ጥያቄ የሕግም ጥያቄ ነው።

የሁለት ሳምንት ፈተና

ከብት የሚገዛ ሰው ጥርስ ሳያይ አይገዛም። ፕሮግራምም ጥርስ አለው። ውል ከመፈረሙ በፊት በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ፈተና ማድረግ ይቻላል።

አንደኛ፣ የሁለት ሠራተኞችን ስልክ ከኔትወርክ አጥፍቶ ቀኑን ሙሉ እንዲመዘግቡ ማድረግ። ማታ ሲከፈት የሁለቱም ሥራ ሳይጎድል ገብቶ እንደሆነ ከወረቀት ደብተር ጋር ማመሳከር። ሁለተኛ፣ የዓመት ሥራ የሚያህል መዝገብ፣ ለምሳሌ 10,000 መስመር፣ ማስገባትና ሠራተኛው በሚይዘው ርካሽ ስልክ ላይ መክፈት። አዲስና ውድ ስልክ ላይ ማየት ራስን ማታለል ነው። ሦስተኛ፣ መረጃውን በሙሉ ወደ ኤክሴል ማውጣትና ፕሮግራሙን አይቶ ለማያውቅ ሂሳብ ሠራተኛ መስጠት። የእያንዳንዱን ደንበኛ ዱቤ ከዚያ ላይ ደምሮ ካላገኘው መውጫ የለውም ማለት ነው። አራተኛ፣ አንድ ሠራተኛ ሥራ እንደለቀቀ ቆጥሮ መግቢያውን መዝጋትና ከዚያ በኋላ በስልኩ ምን እንደሚታይ መመልከት።

ፈተናውን ካለፈ በኋላም ቢሆን ሦስተኛውን ፈተና በየወሩ መድገም ይገባል። የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ደብተሩ በሙሉ ወጥቶ በፍላሽ ይቀመጥ። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። አከራዩ ነገ ቢዘጋ፣ ዶላር ቢጨምር፣ ወጣቱ ባለሙያ ቢሄድ፣ የጠፋው ሱቁ እንጂ ዕቃው አይሆንም።

ድንበር ላይ የሚነግድ ሰው መንገድ እንደሚዘጋና እንደሚከፈት ያውቃል። ሸቀጡን ሲጭን በየት እንደሚገባ ብቻ ሳይሆን ቢዘጋበት በየት እንደሚመለስም ያስባል። ፕሮግራም ሲከራይም ያንኑ ልማዱን ይዞ ይግባ። ደብተሩ በእጁ እስካለ ድረስ የትኛውንም ሱቅ ቢለቅ ነጋዴ ነው።